የታሸገ ወይስ የሚገጣጠም? ስለ አዲሱ ኮምፒውተር የውሃ ማቀዝቀዣ ያለን አቋም



በ2017 የትምህርት ዘመን በግቢያችን ካከራከሩን ጉዳዮች አንዱ የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ነበር። ወላጆች ባዋጡት ገንዘብ ለትምህርት ቤቱ አንድ ጠንካራ ኮምፒውተር እንዲገዛ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረታችን ከስምምነት ደርሷል። ኮምፒውተሩ የዚህን ዓመታዊ መጽሔት ገጾች ለማቀናበር፣ የሚኒ ሚዲያውን ቪዲዮ ለማዘጋጀትና የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች በብሌንደር ለሚሠሩት ባለሦስት አውታር ሥዕል የሚያገለግል ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ፕሮሰሰሩን ለሰዓታት ያለ ዕረፍት ያሠራዋል፤ ሥራው በበዛ ቁጥር ሙቀቱም ይበዛል። ስለዚህ በውሃ ይቀዝቅዝ በሚለው ላይ የተቃወመ አልነበረም። ክርክሩ የተነሣው በየትኛው ዓይነት የውሃ ማቀዝቀዣ በሚለው ላይ ነው።

የኮምፒውተር ክበባችን አባላት በሁለት ወገን ተሰልፈዋል። አንደኛው ወገን ከፋብሪካ ፈሳሹ ተሞልቶና ታሽጎ የሚመጣውን ይፈልጋል። ሌላው ወገን ፓምፑን፣ ቱቦውን፣ ራዲያተሩንና የውሃ ማጠራቀሚያውን ለየብቻ ገዝተን በገዛ እጃችን እንገጣጥመው ይላል። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን የታሸገ፣ ሁለተኛውን የሚገጣጠም እያልን እንጠራቸዋለን። የመጨረሻው ውሳኔ የኅብረቱ ነው። ሆኖም ትምህርት ቤቱን የምንመራ እንደመሆናችን አቋማችንን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ማስቀመጥ ይገባናል፤ የተማሪዎቻችን ክርክር በአንድ ቃል ብቻ «አይሆንም» ተብሎ የሚታለፍ አይደለምና።

አቋማችን ይህ ነው። ለሥራ የሚገዛው ኮምፒውተር የታሸገው ይግባለት። የሚገጣጠመውንም ተማሪዎቻችን ይሥሩት፤ ነገር ግን መጀመሪያ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ፣ በመማሪያነት ይሥሩት። ወደዚህ ያደረሰን የቱ ይበልጥ ያቀዘቅዛል የሚለው ጥያቄ ሳይሆን ከሦስት ዓመት በኋላ ማን ይይዘዋል የሚለው ነው።

ውሃ በኤሌክትሪክ ዕቃ ውስጥ ምን ይሠራል?

«ኤሌክትሪክ ባለበት ዕቃ ውስጥ ውሃ ይገባል እንዴ?» ብለው በመገረም የጠየቁን ወላጆች ጥቂት አይደሉም። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ከዚያ እንጀምር።

የዛሬዎቹ ኃይለኛ ፕሮሰሰሮች በሙሉ አቅማቸው ሲሠሩ እስከ 250 ዋት ገደማ ይወስዳሉ። የሚወስዱት ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህም የሁለት ተኩል ባለ 100 ዋት አምፖሎች ሙቀት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ በሆነ ቦታ ላይ ተሰብስቦ ሲወጣ ማለት ነው። ሙቀቱ በጊዜው ካልተወሰደ ፕሮሰሰሩ ወደ 95 ወይም 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርስና ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አንድ ሰዓት ይፈጅ የነበረ ሥራ ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ውሃ ለዚህ የተመረጠበት ምክንያት በፊዚክስ ክፍል የተማራችሁት ነው። በእኩል መጠን ብንለካቸው፣ በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ ውሃ ከአየር ከ3,000 ጊዜ በላይ የሚበልጥ ሙቀት ይፈልጋል። ስለዚህ ትንሽ ውሃ ብዙ ሙቀት ተሸክሞ ይሄዳል። በፕሮሰሰሩ ላይ ከመዳብ የተሠራ ጠፍጣፋ ብሎክ ይቀመጣል፤ ውሃው በብሎኩ ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ይወስዳል፤ ፓምፕ ውሃውን በቱቦ ወደ ራዲያተር ይገፋዋል፤ በራዲያተሩ ላይ ማራገቢያዎች አየር ሲነፉ ውሃው ሙቀቱን ለአየሩ ሰጥቶ ይመለሳል። በጋላፊ በኩል ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ ሾፌር ወላጆቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ የከባድ መኪናው ሞተር የሚቀዘቅዘውም በዚሁ መንገድ ነው። ውሃው ከኤሌክትሪኩ ጋር አይነካካም። አደጋ የሚመጣው አንድ ቦታ ላይ ካፈሰሰ ብቻ ነው።

ሐሳቡም አዲስ አይደለም። አይቢኤም አንዳንድ ትልልቅ ኮምፒውተሮቹን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በውሃ ያቀዘቅዝ ነበር። አፕልም እ.ኤ.አ. በ2004 በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ለገበያ አቅርቧል። ከእነዚህ የአፕል ኮምፒውተሮች አንዳንዶቹ ዓመታት ካለፏቸው በኋላ ፈሳሹን በማፍሰሳቸው ይታወቃሉ። ዕቃው አዲስ ሳለ ምንም አልነበረባቸውም፤ ጉዳቱ የታየው ሲያረጅ ነው። ይህን ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

ሁለቱን የሚለያቸው

የታሸገው ማቀዝቀዣ እንደ ቤታችን ፍሪጅ ነው። በፍሪጅ ውስጥ ያለውን ጋዝ በየዓመቱ የሚጨምር ወይም የሚቀይር የለም፤ ታሽጎ መጥቷል፣ እስኪበላሽ ድረስ ይሠራል። የታሸገውም የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ብሎኩ፣ ፓምፑ፣ ሁለት ቱቦዎቹና ራዲያተሩ አንድ ላይ ሆነው ይመጣሉ። በጥቂት ብሎኖች ይታሰራል፣ ኤሌክትሪኩ ይሰካል፣ አለቀ። አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ዓመት ዋስትና ይሰጠዋል። ደካማ ጎኑም ግልጽ ነው። ፓምፑ ከቆመ ወይም ፈሳሹ በዓመታት ውስጥ በቱቦው ግድግዳ በኩል ቀስ በቀስ ተንኖ ከጎደለ የሚጠገን ነገር የለውም፤ ሙሉ ዕቃው ወጥቶ ሌላ ይገባል።

የሚገጣጠመው ደግሞ እንደ መኪናው ራዲያተር ነው። ይከፈታል፣ ይሞላል፣ ይጠለፋል፣ ይቀየራል። ፓምፑ ቢሞት ፓምፑን ብቻ መቀየር ይቻላል። የግራፊክስ ካርዱንም በዚያው ውሃ ማቀዝቀዝ ይቻላል። በሚገባ ከተሠራና ራዲያተሩ ሰፊ ከሆነ ከታሸገው የተሻለ ያቀዘቅዛል፤ ማራገቢያዎቹም በዝግታ ስለሚዞሩ ጸጥ ያለ ነው። ነገር ግን እንደ መኪናው ሁሉ ሰው ይፈልጋል። ፈሳሹ በየስድስት ወሩ ወይም ቢዘገይ በየዓመቱ መለወጥ አለበት። ማያያዣዎቹ መታየት አለባቸው። የብረታ ብረቱ ዓይነት መጠበቅ አለበት፤ መዳብና አልሙኒየም በአንድ ውሃ ውስጥ ከተገናኙ አልሙኒየሙ እየተበላ ይሄዳልና። የኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን ምክንያቱን ሊነግሩን ይችላሉ።

ሁለቱም ከአንድ ሕግ አያመልጡም። ማንኛውም ራዲያተር ውሃውን ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዘው አይችልም። ራዲያተር ቅዝቃዜ አያመርትም፤ ሙቀትን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ያሻግራል እንጂ። ፕሮሰሰሩ ከክፍሉ ሙቀት በ45 ዲግሪ ከፍ ብሎ የሚሠራ ቢሆን፣ ኤሲው በርቶ ክፍሉ 26 ዲግሪ ሲሆን ፕሮሰሰሩ 71 ላይ ይሆናል። ኤሲው ጠፍቶ ክፍሉ 40 ዲግሪ ከደረሰ ያው ፕሮሰሰር 85 ላይ ነው። በጅቡቲ ሙቀት የክፍሉ ኤሲ፣ የመስኮቱ መጋረጃና የኬዙ ከአቧራ መጽዳት ከሁለቱ ማቀዝቀዣዎች ልዩነት ይበልጥ ዋጋ አላቸው። ስለዚህ «የሚገጣጠመው የተሻለ ያቀዘቅዛል» የሚለው ክርክር እውነትነት ቢኖረውም፣ የሚያስገኘው ጥቂት ዲግሪ አንድ የተከፈተ በር ሊያጠፋው የሚችል ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር እንጨምር። በላቦራቶሪያችን ያሉት ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ሁለቱንም አያስፈልጓቸውም። 65 ዋት ለሚሆን ፕሮሰሰር በአየር የሚያቀዘቅዝ ተራ ብረትና አንድ ማራገቢያ ይበቃል። ከእነሱ የምንጠብቀው አቧራቸው በየጊዜው እንዲነፋ ብቻ ነው። ውሃ ያስፈለገው ለዚህ አንድ ኮምፒውተር ነው።

የተማሪዎቻችን ክርክርና የእኛ መልስ

የሚገጣጠመውን የሚደግፉት ተማሪዎች ያቀረቡት ከሁሉ ጠንካራው ክርክር የሚከተለው ነው። «የታሸገው ሲበላሽ ይጣላል፤ የሚገጣጠመው ግን ይጠገናል። ትምህርት ቤት መጣልን ሳይሆን መጠገንን ማስተማር አለበት።» ይህን በሙሉ ልብ እንቀበላለን። በብዙ ቤቶች ያየነው ችግር ይኸው ነው፤ ዕቃ ሲበላሽ አዲስ ማዘዝ እንጂ መክፈት እየቀረ ነው።

ነገር ግን ዕቃ የሚጠገነው የሚጠግነው ሰው ሲኖር ነው። ጠጋኝ ከሌለ የሚጠገን ዕቃና የማይጠገን ዕቃ ልዩነት የላቸውም። እንዲያውም የሚጠገነው ይብሳል፤ እንክብካቤ ስለሚጠይቅ፣ ሲረሳ ደግሞ ሌላውን ይዞ ስለሚጠፋ። በግል ቤቱ የገጣጠመ ሰው ዕቃው የራሱ ነው። የትኛውን ማያያዣ በስንት ዙር እንዳጠበቀ ያስታውሳል፤ ጠብታ ቢያይ ያውቃል። በትምህርት ቤት ግን ይህን ኮምፒውተር ዘንድሮ የሚገጣጥሙት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በሚቀጥለው ዓመት ሀገር አቀፍ ፈተናቸውን ወስደው በየዩኒቨርሲቲው ይበተናሉ። የአይሲቲ መምህራንም ይቀየራሉ። ኮምፒውተሩ ግን እዚያው ነው። ፈሳሹ መለወጥ ያለበት ቀን ሲመጣ ቀኑን የሚያውቅ ሰው ላይኖር ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያታችን የትምህርት ቤት የቀን አቆጣጠር ነው። ሀገር ቤት ክረምት በሚሆንበት በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ እዚህ ሐሩር ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ ካምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ አቧራ ይዞ ይነፍሳል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ የሚዘጋው በዚያው ወቅት ነው። ኮምፒውተሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ኤሲ ሳይበራለት ወራት ይቀመጣል። በሚገጣጠመው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ያን ያህል ጊዜ ሳይንቀሳቀስ በሙቀት ሲቆይ የመከላከያ መድኃኒቱ ከደከመ አልጌ ሊያበቅል፣ በብሎኩ ቀጫጭን መስመሮች ላይም ዝቃጭ ሊያስቀር ይችላል። ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው መጠንም ሊጎድል ይችላል። ከክረምት በፊት ፈሳሹን አፍስሶ፣ በመስከረም እንደገና ሞልቶ መሞከር መፍትሔ ነው። ግን ይህ ለማን ይሰጣል? ሰኔ ላይ ሁሉም ልቡ በጉዞ ላይ ነው።

የውሃውም ነገር አለ። በማሰሮና በማፍያ ላይ የሚቀረውን ነጭ ቅርፊት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የከተማችን ውሃ ማዕድን የበዛበት ስለሆነ ነው። ያው ቅርፊት በማቀዝቀዣው ብሎክ ውስጥ ካለው፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ከሆነው መስመር ቢገባ ይደፍነዋል። ስለዚህ የሚገጣጠመው በፍጹም የቧንቧ ውሃ አይገባበትም፤ ዲስቲልድ ውሃ ከነመድኃኒቱ ወይም የተዘጋጀ ፈሳሽ ብቻ ነው። ደንቡን የሚያውቅ ተማሪ ይጠብቀዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ የማጠራቀሚያው ውሃ ጎድሎ ያየና በቅንነት ከቧንቧ ቀድቶ የሚሞላው ግን ደንቡን የማያውቀው ነው። ጥፋት የሚሠራው ክፉ ሰው አይደለም፤ ያልተነገረው ሰው ነው።

ሦስተኛው የወላጆች ገንዘብ ነው። ጥሩ የታሸገ ማቀዝቀዣ በውጭ ገበያ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 የአሜሪካ ዶላር ያወጣል። በጅቡቲ ፍራንክ ከ18,000 እስከ 36,000 ገደማ መሆኑ ነው። የሚገጣጠመው ለፕሮሰሰሩ ብቻ እንኳ ቢሆን ጥራት ባላቸው ዕቃዎች ከተሠራ በቀላሉ ወደ 400 ዶላር፣ ማለትም ወደ 71,000 ፍራንክ ይጠጋል፤ ግራፊክስ ካርድ ከተጨመረበት ከዚያ ያልፋል። መጓጓዣውን ገና አልቆጠርንም። አንዲት ማያያዣ ብትጎድል ከውጭ እስክትመጣ ሥራው ይቆማል። የዋጋው ልዩነት በላቦራቶሪው ለሚያዘግሙት ለጥቂት አሮጌ ኮምፒውተሮች ኤስኤስዲ ይገዛል፤ ያ ደግሞ የሚጠቅመው ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ላለው ተማሪ ሁሉ ነው። ወላጆች ገንዘቡን ያዋጡት ለሁሉም ልጆች እንጂ ለአንድ ክበብ አይደለም።

ስለ ውበትም እንናገር፤ የክርክሩ አንድ ክፍል እሱ ነበርና። ቀለም ያለው ፈሳሽ በመስታወት በሚመስል ቱቦ ሲያልፍ፣ መብራትም ሲበራበት ዓይን ይማርካል። ይህን መውደድ ጥፋት አይደለም። ይሁን እንጂ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለዚህ ነው። ቀለም ያለው ፈሳሽ ከሌላው በቶሎ ዝቃጭ የሚተው በመሆኑ፣ ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎች ለሥራ በሚውል ኮምፒውተር ላይ ቀለም የሌለውን ነው የሚመርጡት።

የታሸገውም ቢሆን ሥራ አለው

የታሸገውን መርጠናል ማለት ገዝተን እንረሳዋለን ማለት አይደለም። ቢያንስ አራት ነገር ማድረግ ይጠበቅብናል።

አንደኛ፣ መጠኑ ከፕሮሰሰሩ ጋር ይመጣጠን። ለ250 ዋት ፕሮሰሰር በዚህ ሙቀት ባለ 120 ሚሊ ሜትር ራዲያተር አይመከርም፤ ሦስት ማራገቢያ የሚይዘው ባለ 360 ሚሊ ሜትር ይሻላል። ኬዙም ሲገዛ ይህን የሚያስገባ መሆኑ አስቀድሞ በሜትር ይለካ።

ሁለተኛ፣ አቀማመጡ ይጠበቅ። በታሸገ ማቀዝቀዣ ውስጥ ምን ጊዜም ጥቂት አየር አለ፤ አየር ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። ፓምፑ ከሁሉ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ አየሩ እሱ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ፓምፑ ይንጫጫል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ራዲያተሩ በኬዙ ጣሪያ ላይ ቢሆን ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ የንግድ ስሙና መብራቱ አያታልሉን። በተለያየ ስም የሚሸጡ ብዙ የታሸጉ ማቀዝቀዣዎች የሚሠሩት በጥቂት ፋብሪካዎች ነው፤ የዴንማርኩ አሴቴክ አንዱ ነው። ስለዚህ ስንገዛ የምንጠይቀው የዋስትናውን ዘመን፣ ቢያፈስ ሌሎቹን ዕቃዎች ይሸፍን እንደሆነና ዋስትናው እዚህ ይሠራ እንደሆነ ይሁን።

አራተኛ፣ የመተኪያ ገንዘብ ከዛሬ ይያዝ። የታሸገው እንደሚያልቅ እናውቃለን። ዋስትናው 5 ዓመት ከሆነ በአምስተኛው ዓመት ሳይሞት እንቀይረዋለን። በየዓመቱ ከሒሳቡ አንድ አምስተኛውን ብናስቀምጥ ያኔ ማንንም «አዋጡ» አንልም። ያረጀውን ደግሞ አንጥለውም፤ ከፍተን እናየዋለን፣ መዳቡና ማራገቢያዎቹም ለመማሪያ ይውላሉ።

ለመማሪያ የሚሆነው

ይህን ሁሉ ብለን ብናቆም ተማሪዎቻችን ትምህርት ቤቱ አያምነንም ቢሉ እውነት ይኖራቸዋል። በክርክሩ ወቅትም ከአንድ ተማሪ የሰማነው ይህንኑ ነው፤ «ሳትሰጡን እንዴት ጠብቀን እናሳያችሁ?» አለን። መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በዕቃ ቤት ካሉት አሮጌ ኮምፒውተሮች አንዱ ለክበቡ ይሰጥ። በእሱ ላይ ክበቡ በትንሽ ገንዘብ የሚገጣጠም ማቀዝቀዣ ይሥራ፤ ለስላሳ ቱቦ፣ አንድ ፓምፕ፣ አንድ ራዲያተር፣ ቀለም የሌለው ፈሳሽ። ኬዝ አያስፈልገውም፤ በጠረጴዛ ላይ በግልጽ ይቀመጥ፤ ታችኛውም ክፍል መጥቶ ይየው። ቢያፈስ የሚጠፋው አሮጌ ዕቃ ነው፤ የሚገኘው ትምህርት ግን አዲስ ነው።

ከዚያ የሚወጣውን ትምህርት አስቡት። ፕሮሰሰሩ 250 ዋት ቢሰጥና ውሃው በደቂቃ አንድ ሊትር ቢፈስ፣ ውሃው በብሎኩ ውስጥ ሲያልፍ ስንት ዲግሪ ይሞቃል? በደቂቃ የሚገባው ሙቀት 15,000 ጁል ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4,186 ጁል ገደማ ያስፈልጋል። መልሱ 3.6 ዲግሪ ያህል ነው። ማራገቢያዎቹ ቢቆሙና በጠቅላላው አንድ ሊትር ውሃ ብቻ ቢኖርስ? ውሃው በየደቂቃው በዚያው 3.6 ዲግሪ ገደማ እየሞቀ ይሄዳል፤ ከ35 ተነሥቶ ብዙ ፓምፖች ከሚችሉት 60 ዲግሪ ለመድረስ ሰባት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ይህን በሰሌዳ ላይ ማስላት አንድ ነገር ነው፤ ቴርሞሜትር ይዞ መለካትና ስሌቱ ከልኬቱ ለምን እንደተለያየ መጠየቅ ግን ሳይንስ ነው።

የአሠራር ሥርዓትም ይማሩበታል። ማንኛውም የተገጣጠመ ማቀዝቀዣ ኮምፒውተሩ ከመብራቱ በፊት ፓምፑ ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ ለ24 ሰዓት ይፈተናል። በየማያያዣው ሥር ደረቅ ሶፍት ይደረጋል፤ የረጠበ ሶፍት ካለ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ይህን ለማድረግ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ከሁሉ በላይ የምንጠይቀው መዝገብ ነው። ፈሳሹ መቼ ተሞላ፣ ምን ዓይነት ነው፣ ማን ሞላው፣ መቼ ይለወጣል፣ ምን ችግር ታየ፣ ምን ተደረገ። መዝገቡ በአማርኛ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣ ተማሪ ሊረዳው በሚችል አጻጻፍ ይጻፍ። በእያንዳንዱ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ጎን የ9ኛ ወይም የ10ኛ ክፍል ተማሪ ይቁም፤ ታላቁ ሲወጣ ታናሹ ይረከብ። ርክክቡም በቃል ሳይሆን በፊርማ ይሁን።

ይህ መማሪያ ሁለት ክረምት ካለፈ፣ ከአንዱ የክበብ አባላት ወደ ሌላው ቢያንስ ሁለት ጊዜ ከተረከበና መዝገቡ ሳይቋረጥ ከተያዘ፣ የእኛ ክርክር መሠረቱን ያጣል። «የሚይዘው ሰው የለም» ያልነው ሰው እንዳለ ይታያልና። ያን ጊዜ የታሸገው ዕድሜውን ጨርሶ መተኪያ ሲፈለግ የሚገጣጠመው እንዲሆን እኛው ራሳችን ለኅብረቱ እናቀርባለን። ይህን የምንለው ልጆቹን ለማባበል አይደለም፤ በዚህ መጽሔት ላይ የታተመ ቃል ስለሆነ ማንም ከፍቶ ሊያሳየን ይችላል።

ወላጆችንም አንድ ነገር እንለምናለን። መኪና የምታሽከረክሩ፣ ኤሲ የምትጠግኑ፣ በወደቡና በባቡሩ በማሽን ላይ የምትሠሩ ብዙዎች ናችሁ። ስለ ፓምፕ፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ዝገትና ስለ ራዲያተር ከመጽሐፋችን የማይገኝ ዕውቀት አላችሁ። በዓመት አንድ ቅዳሜ መጥታችሁ ለክበቡ ብታሳዩ ከገንዘብ መዋጮ የማይተናነስ ነው። ልጆቻችሁም የእጃችሁ ሙያ በክፍል ውስጥ የሚነገር ዕውቀት መሆኑን ያያሉ።

ለተማሪዎቻችን የምንለው አንድ ነው። በዚህ ዓመት ያደረጋችሁት ክርክር በመረጃ የታገዘ፣ ተቃራኒን ያከበረ ነበር፤ ኮርተንበታል። ዕቃ መምረጥ የሥራው ትንሹ ክፍል መሆኑን ግን አትርሱ። ትልቁ ክፍል የሚጀምረው ዕቃው ከካርቶን ከወጣ በኋላ ነው፤ የሚቆየውም የመረጠው ሰው ከሄደ በኋላ ነው። ትምህርት ቤታችን እንዲቆይ ያደረጉት ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ያስረከቡን ወንበሮች፣ መጻሕፍትና ሥርዓት ናቸው። እናንተም የምታስረክቡት ነገር ይኑራችሁ።

በመስከረም የክበቡን የመጀመሪያ መዝገብ ገጽ ለማየት እንጠብቃለን። መልካም የዕረፍት ጊዜ ለሁላችሁም ይሁንላችሁ።

ርዕሰ መምህር